የፋብሪካ ብስባሽ ወይስ የጓሮ?

በስባሽ የፕላስቲክ ከረጢት ወደ አውሮፓ ልትልኩ ነው? «ይበሰብሳል» ብሎ ማተም ብቻውን አያዋጣም። የት ነው የሚበሰብሰው?

ኢኤን 13432 የተባለው የአውሮፓ የማሸጊያ መስፈርት የሚያየው የፋብሪካ ማበስበሻን ነው፤ ሙቀቱ 58 ዲግሪ አካባቢ። ከ12 ሳምንት በኋላ ብስባሹ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ይነፋል። ወንፊቱ ላይ ከፕላስቲኩ ከ10 በመቶ በላይ ከቀረ ወደቀ። ቀጭን ፒኤልኤ (ከበቆሎና ከመሳሰሉት ተክሎች የሚሠራ ፕላስቲክ) ብዙ ጊዜ ያልፋል።

እንደ ኦኬ ኮምፖስት ሆም ያለው የጓሮ ማረጋገጫ ግን ይከብዳል። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ነው፤ እዚያ ፒኤልኤ ብቻውን ወገቤን ይላል።

ለጣሊያን ቀጭን የአትክልት ከረጢት በመበስበስ በኩል የፋብሪካው ይበቃል። ፈረንሳይ የጓሮውን ትፈልጋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ገዢውን፣ ቀጥሎ ላቦራቶሪውን። ኦክሶ የሚሉትንማ፣ በተጨመረበት ኬሚካል የሚሰባበረውን ፕላስቲክ፣ እርሱት፤ በአውሮፓ ህብረት ከጁላይ 2021 ጀምሮ ታግዷል።