ከቤይሩት ካምፖች የሚወጣው የታትሪዝ ትራስ ልብስ፦ ሲገዙ ምን ይታያል?

በቡርጅ አል-ባራጅነህና በሻቲላ ካምፖች የፍልስጤም ስደተኛ ሴቶች በታትሪዝ፣ ማለትም በፍልስጤም ባህላዊ የመስቀል ጥልፍ፣ የሚጠልፉት የትራስ ልብስ ዋጋው ሲጠራ ብዙ ገዢ ይደነግጣል። ሒሳቡን እንሥራው። ጎኑ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነና ፊቱ በሙሉ የተጠለፈ ትራስ፣ በሳንቲ ሜትር አምስት ተኩል ያህል መስቀል (በ× ቅርጽ የተሠራ ስፌት) ከያዘ፣ በጠቅላላው ከ60 ሺህ በላይ መስቀል አለበት። ጠላፊዋ በደቂቃ አሥር ብታደርስ እንኳ ከ100 ሰዓት በላይ ይፈጅባታል። ርካሽ ሆኖ ካገኙት ወይ የማሽን ነው፣ ወይ የሴትየዋ ድካም ተበልቷል።

መጀመሪያ ገልብጠው ውስጡን ይዩ። የማሽን ጥልፍ ከጀርባው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ክር ብቻ ያሳያል፤ የእጁ ግን የፊቱን ቀለማት ይይዛል። ከንድፍ ወደ ንድፍ ተሻግሮ የተንጠለጠለ ረጅም ክር ካለ ይለፉት፤ ሲጎተት ፊቱን ያኮማትረዋል። ከፊት በኩል የላይኛው ስፌት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መጋደም አለበት፤ ያለዚያ ብርሃን ሲያርፍበት ዥጉርጉር ይሆናል። ሽመናው ድፍን በሆነ ጨርቅ ላይ ሲጠለፍ ደግሞ ቀዳዳው እኩል የሆነ ሸራ ከላይ ይደረብና ሥራው ሲያልቅ ክር በክር ይመዘዛል። ጠላፊዋ እጇን ካላጠበቀች፣ ሸራው ሲወጣ መስቀሎቹ ላልተው ይቀራሉ።

ንድፉ ላይ ቆም ማለት ያሻል። ቡርጅ አል-ባራጅነህ በ1948 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ከሰፈሩበት ብዙዎቹ ከገሊላ፣ ለምሳሌ ከታርሺሃና ከካብሪ፣ የመጡ ናቸው። በጥቅጥቅ የመስቀል ጥልፍ ይበልጥ የሚታወቁት ግን ራማላህ፣ ኬብሮንና ጋዛ ናቸው። ስለዚህ የገሊላ ልጅ «የፓሻው ድንኳን» የተባለውን የኬብሮን ንድፍ ስትጠልፍ ቢያዩ፣ እዚያው በስደት የተማረችው ሊሆን ይችላል፤ ኢናሽን የመሰሉ ማኅበራት ከ1969 ጀምሮ በሊባኖስ ካምፖች ሴቶችን ያሠራሉ። ይህን ቅልቅል እንደ ጉድለት የሚቆጥር ሰብሳቢ አይጠፋም። አንስማማም። በ2001 የወጣው የሊባኖስ ሕግ ፍልስጤማዊት ቤት በስሟ እንዳትገዛ ይከለክላታል፤ ኬብሮንን ሳታይ ንድፏን የራሷ ከማድረግ ግን ማንም አያግዳትም። የመንደሩን ስም ብቻ ሳይሆን ንድፉን ከማን እንደተማረችም ቢጠይቁ የሚያገኙት መልስ ይበልጥ ይጠቅማል።

በመጀመሪያው ኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያን ሕዝባዊ አመፅ) ዘመን እስራኤል በያዘቻቸው ግዛቶች የፍልስጤምን ባንዲራ ማውለብለብ የተከለከለ ስለነበር፣ ሴቶች ቀለማቱንና የአገሩን ካርታ በቀሚሳቸው ላይ ጠለፉ። ያንን ተከትለው የተሠሩ ትራሶች ዛሬም ይገኛሉ። ከጥድና ከጽጌረዳው ንድፍ ይልቅ እነዚህን እንመርጣለን፤ ለገበያ የለዘበ ነገር አይታይባቸውም።

ቀዩ ክር ቀለም እንዳይለቅ ከመታጠቡ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጀርባው ላይ ጫን አድርገው ይሞክሩት። ከቀላ፣ በውኃ አይንከሩት። ሲተኩሱ ፊቱን ወደ ታች አድርገው ወፍራም ፎጣ ላይ ያንጥፉት፤ አለዚያ ጥልፉ ይዳመጣል።