ከፍላሽ የሚነሣ ሊኑክስ፦ በባሕር ዳር ያገኘሁት አገልግሎት

ዊንዶውሱ አልነሣ ላለኝ ላፕቶፕ፣ በባሕር ዳር ፖሊ ግቢ አቅራቢያ ያለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ኡቡንቱ 24.04 የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና በፍላሽ አዘጋጅቶልኛል። የእኔው ዴል ስለሆነ ሲበራ ኤፍ12 ተጭኖ ፍላሹን መምረጥ ይበቃል፤ ሥርዓቱ ሳይጫን ከፍላሹና ከራም (ከኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ስለሚሠራም፣ ተጠቃሚው ራሱ ካልነካው በቀር የሃርድ ዲስኩ ፋይል እንዳለ ይቆያል፤ ሰነዶቼን ወደ ውጫዊ ዲስክ የገለበጥሁት በዚሁ መንገድ ነው።

ቅሬታዬ የተሰጠኝ ፍላሽ ዩኤስቢ 2.0 መሆኑ ላይ ነው። የዚህ የፍጥነት ጣሪያ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ሲሆን 3.0 ግን እስከ 5 ጊጋቢት ይደርሳል፤ ፋየርፎክስ እስኪከፈት ቡና ይፈላል ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም። ከዚህም በላይ ለቋሚ ማስቀመጫ የሚሆን ክፍል ስላልተበጀለት፣ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር የዋይፋይ ይለፍ ቃሉም የአማርኛ ኪቦርድ ምርጫውም አብረው ይጠፋሉ፤ ይህን ለደንበኛ ሳይነግሩ ማስረከብ ተገቢ አይመስለኝም። ስጠይቃቸው ግን ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተካክለውልኛል።