በሳሪስ አካባቢ ለሚሠሩ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ምስጋናና ጥቆማ

በሳሪስ አካባቢ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠሩ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ለሠሩልኝ ሥራ በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ጠዋት ቁልፍ ሲያዞር ከአንዲት «ጠቅ» በቀር ምንም የማይሰማ የአሮጌ መኪና ባለቤት ሁሉ እኚህን ሰው ቢያውቃቸው ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን በደህና ትነሳለች፣ በማግስቱ ደግሞ ሞተሪኖው (ሞተሩን አሽከርክሮ የሚያስነሳው) «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። የሠፈር ልጆች ገፍተውልኝ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ስለቅ ግን ወዲያው ትነሳለች፤ ከተነሳች በኋላም አንዳች እንከን አይታይባትም። አንድ ጋራዥ ባትሪው አርጅቷል ብሎ አዲስ አስገዛኝ። ሌላው ሞተሪኖውን አውርዶ ካርቦኑን ቀየረ። ሁለቱም ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አላወጡም፤ ችግሩም እንደነበረ ቀጠለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለችን መኪና ሸጦ ሌላ መግዛት ለብዙዎቻችን የሚታሰብ ስላልሆነ፣ ጠግኖ የሚያቆይልን ባለሙያ ማግኘት ትልቅ ነገር ሆኗል።

ኤሌክትሪሺያኑ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት የፊት መብራቱን አብርቼ ቁልፉን እንዳዞር አዘዙኝና ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆመው አምፖሉን ብቻ ተመለከቱ። ሞተሪኖው እንደ ልማዱ «ጠቅ» አለ፤ መብራቱ ግን እምብዛም አልደበዘዘም። «አየህ ልጄ፣ ባትሪ ሲደክም ወይም ሞተሪኖ ሲያያዝ መብራቱ ጭል ጭል ይል ነበር። መብራቱ ካልደከመ ኃይሉ ከባትሪው አልወጣም፤ መንገድ ላይ የያዘው ነገር አለ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ለባትሪውም ለሞተሪኖውም ገንዘብ ሳላወጣ ይህቺን አንዲት ሙከራ የሚያሳየኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በልኬት ሆነ። ባትሪው ሳይነካ 12.5 ቮልት አሳየ፤ ቁልፉ ሲዞርም 12 አካባቢ ቆመ። ጤነኛ ባትሪ ሞተሪኖ ሲያሽከረክር ወደ 10 ወይም 11 ቮልት ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ከ9.6 በታች ሲወርድ ይጠረጠራል፤ ብዙም አለመውረዱ ግን ሞተሪኖው የሚገባውን ያህል ኃይል እየሳበ እንዳልሆነ ያሳያል። ቀጥለው ረዳታቸው ቁልፉን እንደያዘ፣ አንዱን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ላይ አድርገው 0.3 ቮልት አገኙ፤ በዚያ በኩል እስከ ግማሽ ቮልት ድረስ የሚያሳስብ ነገር የለም። በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል ሲለኩ ግን ከ0.2 ቮልት መብለጥ ያልነበረበት ልኬት ከ5 ቮልት በላይ ሆነ።

«አሁን የነዳጅ መስጫውን ገመድ ንካው» አሉኝ። ገመዱ ሞቋል፤ የላስቲክ ሽፋኑም በአንድ በኩል ቀልጦ ተጨማዷል። በማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ከሞተሩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ በሚመለስበት ሽቦ፣ መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በዚያ በቀጭኑ የብረት ገመድ በኩል ወደ ቦዲው ሊመለስ ሲታገል ከርሟል ማለት ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ ባትሪ ማበዳደሪያው ወፍራም ሽቦ ነበር፤ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ባልተቀባ የሞተሩ ብረት ላይ አስረው ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ ያለ አንዳች ማንገራገር ተነሳች።

ጥፋተኛው ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ቦዲው የሚሄደው የተጠለፈ የመዳብ ማሳ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ክሮች ብቻ ቀርተውት አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፤ ብሎኑም የታሰረው ቀለም በተቀባ ቦታ ላይ ነው። ለፍሪሲዮን ሥራ ካምቢዮው በወረደ ጊዜ ሲመለስ እንዲሁ የታሰረ ሳይሆን አይቀርም። እሳቸው ከባትሪው ሽቦ ጋር እኩል የሚወፍር ሽቦ ቆርጠው፣ በሁለቱም ጫፍ የመዳብ ቀለበት ጨምቀው፣ የሚያርፍበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፍቀው አሰሩትና ውሃ እንዳይገባው ግሪስ ቀቡት። ከዚያም ሁሉንም እንደገና ለኩ፤ በማሳው በኩል 0.1፣ ሞተሪኖው ሲያሽከረክር ባትሪው ላይ 10.7፣ ሞተሩ ተነስቶ መብራት ሲበራ ደግሞ 14.1 ቮልት፤ ስለዚህ ዲናሞውም በደንብ ይሞላል። ከጋራዥ እንዲህ በቁጥር ተነግሮኝ ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የተቀየረውን አሮጌ ባትሪ እንኳ አስመጥተው ሞልተው በጭነት ሲሞክሩት ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል።

በተለይ ያስመሰገናቸው ግን እኔ ያላሰብኩትን ማሰባቸው ነው። የቀለጠው የነዳጅ መስጫ ገመድ ሽፋኑ ውስጥ ከተጣበቀ እግር ሲነሳም ነዳጅ እንደሰጠ ሊቀር ስለሚችል፣ አሮጌውን ናሙና አስይዘው ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ልከው አዲስ አስገዙኝና ያለ ተጨማሪ ክፍያ ገጠሙልኝ። ለሽቦውና ለድካማቸው የጠየቁኝም ለሞተሪኖው ካርቦን ብቻ ካወጣሁት ያነሰ ነው።

ፈጣን ሥራ የሚፈልግ ሰው ግን ትዕግሥት ይያዝ። ከአንድ ረዳት በቀር ሠራተኛ ስለሌላቸው ወረፋ አለ፤ ቅዳሜ ደግሞ ይብሳል። ኮምፒውተር የሚጠይቁ አዳዲስ መኪኖችንም አይነኩም፤ በግልጽ ነግረው ወደሚችል ሰው ይልካሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን በፈቃዳቸው ስለያዝኩ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ስትደውሉ መኪናዋ እንቢ ያለችበት ቦታ ላይ ካለች ገፍታችሁ ሳታስነሷት ንገሯቸው፤ ችግሩን በቦታው ማየት ስለሚመርጡ ቅርብ ከሆነ ቴስተራቸውን ይዘው ይመጣሉ።