አፕልሲድ፦ ከአሮጌ ቦይለር የሚሠራው የባዮዲዝል ማብሰያ ሲመዘን

ያገለገለ የምግብ ዘይትን ናፍጣን ወደሚተካ ነዳጅ፣ ወደ ባዮዲዝል፣ ለመለወጥ በእጅ ከሚገጣጠሙ መሣሪያዎች መካከል አፕልሲድ ለሚባለው የላቀ ቦታ እንሰጠዋለን። ይህን የምንለው ግን ለአንድ ሥራው ብቻ ነው፤ ዘይቱንና ሜታኖል የሚባለውን አልኮል በሙቀት ለማዋሐድ። ነዳጁን በዚያው ጋን ውስጥ አጥቦ ማድረቅ የሚፈልግ ሰው ከወዲሁ ቢተወው ይሻለዋል።

ንድፉን አሜሪካ ውስጥ ያስፋፋችው ማሪያ አሎቨርት ናት፤ ማንም ወስዶ እንዲሠራበትም በነፃ ለቃዋለች። ዋናው አካል ተራ የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። የውስጥ ግድግዳው መስታወት መሰል ሽፋን ስላለው ኮስቲክ (ዘይቱና ሜታኖሉ እንዲዋሐዱ የሚያደርገው ኃይለኛ አልካሊ) አይበላውም፤ ዙሪያው በፎም ስለታሸገ አንዴ የሞቀ ዘይት ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ዝግ መሆኑ ነው። ሜታኖል በትንፋሽም በቆዳም ይገባል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም። በክፍት በርሜል የሚያበስል ሰው ያንን ትነት ሲስብ ይውላል። አፕልሲድ ላይ ትነቱ ከአናቱ በሚነሳ መተንፈሻ ቱቦ ወደ ደጅ ይወጣል። ይህ ቱቦ መቼም አይዘጋም፤ ከተዘጋ ጋኑ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል።

ባለ 50 ጋሎን ቦይለር (190 ሊትር ገደማ) ለ100 ሊትር ዘይትና ለ20 ሊትር ሜታኖል በቂ ቦታ አለው። ከመገጣጠሙ በፊት ዝገት መከላከያው የማግኒዥየም ዘንግና ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ታች የሚያወርደው የፕላስቲክ ቱቦ ይወጣሉ። የላይኛው የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ከመስመር ይቆረጣል፤ በዚህ መጠን ዘይቱ አይደርስበትምና በደረቁ ቢግል እሳት ይጭራል። የታችኛውን በ120 ቮልት ማገናኘት እንመርጣለን። በ240 ቮልት 4,500 ዋት የሚስበው ማሞቂያ በ120 ቮልት 1,125 ዋት ብቻ ይስባል። 100 ሊትር ዘይት ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ዘይቱ ግን ብረቱ ላይ አያርርም።

ባለ 1 ኢንች የንጹህ ውሃ ፖምፓ ከታችኛው ማፍሰሻ ስቦ ወደ አናት ይመልሳል። ቧንቧው ጥቁር ብረት፣ መክፈቻዎቹ ሩብ ዙር የሚዞሩ ቫልቮች ይሁኑ። ዚንክ የተነከረ ቧንቧ ነዳጁን ያበላሻል። አሉሚኒየም ደግሞ ጨርሶ አይነካካ፤ ኮስቲክ ይበላውና ሃይድሮጅን ይለቃል። ከጎን የሚገጠመው፣ የፈሳሹን ከፍታ የሚያሳየው ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ የንድፉ ደካማ ጎን ነው። ሜታኖል ያደርቀዋል፤ ሌሊት ቢሾልክ የጋኑ ሙሉ ፈሳሽ ወለል ላይ ነው። ከላይም ከታችም ቫልቭ ይኑረው፣ ደረጃው ሲታይ ብቻ ይከፈት። የፖምፓው ዘንግ ጎሚኒም ቶሎ ያልቃል፤ መለዋወጫ መያዝ ነው።

አሠራሩ የሚጀምረው ከዘይቱ ነው። ከምግብ ቤት የሚመጣው ዘይት ሞቅ ተደርጎ፣ ለአንድ ሁለት ቀን ረግቶ፣ ከላይ ያለው ብቻ ይወሰዳል። ጥቂቱ በመጥበሻ ከ100 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ከተንጣጣ ውሃ አለበት፤ ውሃ ደግሞ ባዮዲዝሉን ሳሙና ያደርገዋል። ሳንቡሳ የተጠበሰበት ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ንጹህ ነው። ዶሮ የሚጠበስበት ግን የእንስሳ ስብ ስለሚቀላቀልበት ነዳጁ በብርድ ቶሎ ይረጋል።

ቀጥሎ ታይትሬሽን፣ ማለትም የዘይቱን አሲድነት መለካት ነው። 1 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ (አንዱ የኮስቲክ ዓይነት) በ1 ሊትር የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ይሟሟል። 1 ሚሊ ሊትር ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ከተበጠበጠ በኋላ ጥቂት የእርድ ውኃ ጠብ ይደረግበታል። የፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ ብጥብጥ በሲሪንጅ እየተንጠባጠበ ቢጫው ወደ ቀይ ሲዞርና ሳይመለስ ሲቆይ፣ የገባው ሚሊ ሊትር ይመዘገባል። 90 በመቶ ንጹህ በሆነ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ መነሻው ለአንድ ሊትር ዘይት 7.8 ግራም ነው፤ የታይትሬሽኑ ቁጥር ይደመርበታል። ቁጥሩ 3 ቢሆን 10.8 ግራም፣ ለ100 ሊትር 1,080 ግራም ማለት ነው። ከ5 በላይ የወጣ ዘይት ብዙ ሳሙና ስለሚሰጥ ከተሻለ ዘይት ጋር መቀላቀል አለበት። ተራው ኮስቲክ ሶዳም ይሠራል፣ መነሻው 5 ግራም ነው፤ ግን ከነዳጁ ተለይቶ ከታች የሚዘቅጠው ግሊሰሪን ሲቀዘቅዝ ይጠጥርና የቦይለሩን ጠባብ ማፍሰሻ ይደፍናል። ለዚህ ማሽን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱን የምንመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ በ20 ሊትር ሜታኖል ውስጥ፣ ከበታቹ ቫልቭ ባለው ክዳናም የፕላስቲክ ጋን ይሟሟል። ዘይቱ 55 ዲግሪ ሲደርስ የማሞቂያው ኤሌክትሪክ ከብሬከሩ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ነዳጁ እስኪወጣ አይበራም። ድብልቁ ወደ ፖምፓው መሳቢያ በ15 ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ይገባል። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይዞራል፣ ያድራል፣ ጠዋት ጥቁሩ ግሊሰሪን ከታች ይፈስሳል። የድብልቁን 80 በመቶ አስቀድሞ አዙሮ፣ ግሊሰሪኑን አፍስሶ፣ ቀሪውን 20 በመቶ በሁለተኛ ዙር የሚጨምር ሰው የተሻለ ነዳጅ ያገኛል። ለሁለተኛው ዙር እንደገና ማሞቅ የማያስፈልገውም ለፎሙ ምስጋና ነው።

መሥራቱ የሚታወቀው እንዲህ ነው። 3 ሚሊ ሊትር ነዳጅ በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል፣ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ በደንብ ይናጣል። ሙሉ በሙሉ ከሟሟ አልፏል። ከታች የዘይት ጠብታ ከተኛ ያልተለወጠ ዘይት አለ፤ 5 ሊትር ሜታኖልና 150 ግራም ያህል ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሮ እንደገና ማዞር ነው። ይህን ፈተና ሳያልፍ ወደ ማጠቢያ የሚሄድ ነዳጅ ከውሃ ጋር እንደ ማዮኔዝ ይያያዛል። ያም ቢደርስ አይደፋም፤ 50 ዲግሪ ሞቆ ጥቂት ጨው ሲገባበት ይለያል።

ማጠቢያው ከቦይለሩ መለየት ያለበት ማፍሰሻው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ስለሚል ነው። ስር የሚቀረው ግሊሰሪን እያንዳንዱን እጥበት መልሶ ሳሙና ያደርገዋል፤ ውስጡም ስለማይታይ ውሃው መጥራቱን ማወቅ አይቻልም። ታቹ ሾጣጣ የሆነ የፕላስቲክ በርሜል ይሻላል። የመጀመሪያው እጥበት ለብ ባለ 30 ሊትር ውሃ፣ በርጭት ብቻ፣ ሳይናጥ ነው። ውሃው እንደ ወተት ሆኖ ይወጣል፤ ግልጽ እስኪሆን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይደጋገማል። ያ ውሃ ሜታኖል ስላለበት ወንዝ ወይም ጓሮ ውስጥ አይደፋም። ከዚያ ነዳጁ 45 ዲግሪ ገደማ ላይ በርሜሉ ክፍት ሆኖ እየተረጨ ይደርቃል። ሲቀዘቅዝም ካልደፈረሰ በ5 ማይክሮን ፊልትሮ አልፎ ወደ መኪና ይገባል።

የትኛው መኪና? እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የተሠራው መርሴዲስ 300ዲ፣ በሮታሪ ፖምፓ የሚሠራው ፎልክስቫገን 1.9 ቲዲአይ፣ የላንድ ክሩዘሩ 1ኤችዜድ ሞተር ይመቹታል። ባዮዲዝል የነዳጅ ታንኩን የዓመታት ቆሻሻ ፈትቶ ስለሚያወርድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት መለዋወጫ ፊልትሮ መኪናው ውስጥ ይኑር። የድሮ ጎማ ቱቦዎች ያብጣሉ፤ ቪተን በሚባለው ነዳጅ የሚቋቋም ጎማ መቀየር አለባቸው። የጭስ ማጣሪያ ያለውን አዲስ ኮመንሬል የናፍጣ ሞተር ግን አትንኩት። ማጣሪያውን ለማቃጠል ሲሊንደር ውስጥ ዘግይቶ የሚረጨው ባዮዲዝል በቀላሉ ስለማይተን የሞተር ዘይቱን ያቀጥናል።

ይህን ሁሉ ልፋት ትቶ ዘይቱን አጣርቶ በቀጥታ ስለመንዳት የሚጠይቁ አሉ። በ40 ዲግሪ የባዮዲዝል ውፍረት 4 እስከ 5 ስኩዌር ሚሊሜትር በሰከንድ ሲሆን የጥሬው ዘይት 35 አካባቢ ነው። ሁለተኛ ታንክና ማሞቂያ ሳይኖር እንዲያ መንዳት ኖዝሉን በካርቦን ይደፍናል፣ የፒስተን ፋሻውንም ያጣብቃል።

ከፍታ ያለበት ቦታ የሚያበስሉ ሰዎች አንድ ቁጥር መቀየር አለባቸው። ሜታኖል በባሕር ጠለል በ64.7 ዲግሪ ይፈላል፤ ዴንቨር ላይ ግን 60 ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 57 አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 55 ዲግሪ ላይ ማዞር ሜታኖሉን በመተንፈሻው ማባከን ስለሆነ 50 ላይ ይያዝና ጊዜው ወደ 3 ሰዓት ይርዘም። ሜታኖሉን በአረቄ ወይም በተራ ኤታኖል መተካት አይቻልም፤ ውሃው ግሊሰሪኑ እንዳይለይ ያደርጋል። አገር ቤት በብዛት የሚጠበስበት የፓልም ዘይት መሆኑም ሌላ ፈተና ነው፤ ከ10 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብሎ እንኳን መደፍረስ ስለሚጀምር የአዲስ አበባን ማለዳ ብቻውን አይችለውም። ከናፍጣ ጋር ሲደባለቅ ከ20 በመቶ ባይበልጥ፣ ለአዳማና ለድሬዳዋ ሙቀት ግን ከዚያ ከፍ ቢል ይቻላል።