ስስ ሶል ጫማ ለደብረ ብርሃን ኮብልስቶን፦ የውጭው፣ ቅጂው ወይስ የጫማ ሰፊው?

«ይሄ ታኮ የሌለው ስስ ሶል ጫማ ለእግር ጥሩ ነው ይባላል፤ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ጥያቄው ከደብረ ብርሃንም ከደብረ ሲናም ይመጣል። ጫማው ጥሩ ነው፤ በስሙ የሚቸበቸበው ግን አብዛኛው ለብሩ አይመጥንም። ብሩን ይዛችሁ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሂዱ።

መጀመሪያ ዋጋውን እናስላ። ቪቮቤርፉትና ዜሮ ሹዝን የመሰሉት የውጭዎቹ፣ ብዙዎቹ ሞዴሎቻቸው እዚያው ከ100 ዶላር በላይ ናቸው። አንድ ዶላር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ የ130 ዶላር ጫማ ገና አውሮፕላን ሳይሳፈር ከ13 ሺህ ብር በላይ ሆኗል። እንበል 18 ወር አገለገለ፦ ወሩ 722 ብር ይመጣል። ቅጂው 1,500 ብር ተገዝቶ በ3 ወር አፉን ቢከፍት ወሩ 500 ብር ነው፤ ርካሽ የመሰለው እዚህ ላይ ይጋለጣል። ጫማ ሰፊው በ3,000 ብር ሠርቶት፣ ከዓመት በኋላ በ600 ብር ሶሉ ተቀይሮ ሌላ ዓመት ቢሄድ ግን ወሩ 150 ብር ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ በራሳችሁ ከተማ ዋጋ ተኳቸው፣ በወር ማካፈሉን ግን አትተዉ። የውጭው ጫማ ትልቁ ጣጣም እዚሁ ጋ ነው፦ 4 ሚሊ ሜትር የምታህለው ሶል በኮብልስቶን ጠርዝ ስትበላ ያንኑ ሶል የሚሸጥ የለም። አብዛኛው በማስቲሽ የተጣበቀ እንጂ የተሰፋ ስላልሆነ ከጎኑ መሰንጠቅ የጀመረ ዕለት በክር ለመያዝ እንኳ በቂ ጠርዝ አይተርፈውም።

ቅጂውን ለመለየት ሱቅ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ገበሩን ከውስጥ አውጡና መሬት ላይ አድርጋችሁ ቁሙበት። ትንሿ ጣት ከጠርዙ ከወጣች ጫማው ስም ብቻ ነው፤ ጣት እንዲዘረጋ ካላደረገ ስስነቱ ምን ይፈይዳል? ቀጥሎ አንድ ጣት ተረከዙ ውስጥ፣ አንድ ጣት ከታች አድርጋችሁ ውፍረቱን ዳስሱ፤ ከፊት ለፊቱ ጋርም አወዳድሩ። ብዙዎቹ ቅጂዎች ከውጭ ጠፍጣፋ መስለው ከውስጥ ስፖንጅ ወይም ካርቶን ታኮ ደብቀዋል። ካርቶኑ በመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ይሟሟና ተረከዙ ይጎደጉዳል። ሦስተኛው ተንኮል ስፌቱ ነው። የሶሉን ጠርዝ በጥፍር ጫር ጫር አድርጉት፤ ክር ከሆነ ይቦጫጨቃል፣ በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸ የክር ምስል ከሆነ ጥፍሩ ይንሸራተታል። ዙሪያውን «የተሰፋ» መስሎ አንድ ክር የሌለበት ጫማ ሞልቷል።

ሰልባጅ ውስጥ ኦርጅናል እናገኛለን ለምትሉ፣ ይገኛል። ግን አዲስ የሚመስል ወፍራም ሶል ስታዩ ጠንቀቅ በሉ። የፖሊዩሪታን ሶል ሳይለበስ ተቀምጦም በአየር እርጥበት ይበሰብሳል። በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ከተፈረፈረ ወይም ከተጣበቀ ሳምንት አይቆይም። ጎማ ሶል ይሄ ችግር የለበትም።

ጥቅሙስ እውነት ነው? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ለ6 ወር በዕለት ተዕለት ኑሮ ስስ ሶል የለበሱ ሰዎች የጣት ጡንቻ ጉልበት በአማካይ 57 በመቶ ገደማ እንደጨመረ አሳይቷል። ሌላው ወገን ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት 10 ሳምንት ውስጥ ቪብራም ወደሚሠራው ባለ አምስት ጣት ስስ ጫማ ከተሸጋገሩ 19 ሯጮች 10ሩ እግር አጥንታቸው ውስጥ እብጠት ታይቷል። ሁለቱ አይጣሉም፦ በእግር መሄድ ያጠነክራል፣ ቸኩሎ መሮጥ ይሰብራል። ይሄው ቪብራም ራሱ «እግር ያጠነክራል» ማለቱ በቂ ማስረጃ የለውም ተብሎ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2014 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ሻጭ አበበ ቢቂላን ሲጠራላችሁ ደግሞ ጨርሱለት፦ የሸዋው ጀግና ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገባ፣ ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2:12:11።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳምንት በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ በየሳምንቱ እየጨመሩ መሄድ ነው። ባት ቢዝል ምንም አይደለም፣ ተረከዙ ዝቅ ስላለ ጅማቱ እየተሳበ ነው። የእግር አናት ላይ አንድ ቦታ ሲነካ የሚያም ከሆነ ግን አውልቁት። ስኳር ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው ይሄን ጫማ ባይሞክር ይሻላል፤ ጠጠር ሲወጋው አይሰማውም።

አሁን ወደ ጫማ ሰፊው። በረባሶ ይበቃ የለም ወይ የሚል አይጠፋም። ጠፍጣፋ ነው፣ ጣት ነጻ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ግን አይተጣጠፍም፣ የሽቦ ጎማ ከሆነም ሲሳሳ ሽቦው ይወጋል። ክፍት መሆኑም የእግር ዝሆኔን ከሚያመጣው ቀይ አፈር አይከላከልም። ሽፍን ይሁን።

ጫማውን ስታዝዙ ማታ ማታ ሂዱ፤ እግር ቀን ሲቆም ውሎ ይሰፋል። ሁለቱንም እግር ወረቀት ላይ ቆማችሁ አስለኩ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ይተው። ጫማ ሰፊው «አንድ ቁጥር ጨምሬ እሠራዋለሁ» ቢላችሁ አትቀበሉ፤ ቁጥር መጨመር ያስረዝማል እንጂ እንደምትፈልጉት አያሰፋም። ሰፋ ያለ ፎርማ፣ ማለትም ጫማው የሚሠራበት የእግር ቅርጽ፣ ከሌለው በፎርማው የጣት ጎን ላይ ቁራጭ ቆዳ ለጥፎ ያወፍረው። ላዩ ቆዳ፣ ሶሉ ከፊት እስከ ኋላ እኩል 6 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ ዙሪያው በናይለን ክር የተሰፋ። 3 ሚሊ ሜትር ለቤት ነው፤ የኮብልስቶን ጠርዝ ቀኑን ሙሉ ውስጥ እግርን ይቆረቁራል።

ብርዱ ሌላ ነገር ነው። በ2,800 ሜትር ከፍታ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ከድንጋዩ በቀጥታ ይዘልቃል። ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስ ወይም የመንዝ በርኖስ ቁራጭ በገበር ልክ ቆርጣችሁ አንጥፉ፤ ለዚህም ቀድማችሁ 3 ሚሊ ሜትር ከፍታ አስተዉ፣ አለዚያ የእግር አናት ይታፈናል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስትወርዱ ምንጣፉን አውጡት። ለእነዋሪና ለጅሩ ዋልካ ግን በክረምት ቦቲ እንጂ ይሄ ጫማ አይሆንም፤ ጭቃው ሶሉን ሁለት ያደርገዋል።

ሶል ሲቀየር የሚበላሸው ማስቲሹ ላይ ነው። ሁለቱም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ አቧራው ይጠረጋል፣ በሁለቱም ይቀባል፣ ጣት ሲነካው እስከማይጣበቅ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ተጋጥሞ በመዶሻ ይመታል። ቀብቶ ወዲያው የሚያጋጥም ሊስትሮ ጋ የተሠራ በሳምንቱ ይላቀቃል። በደብረ ብርሃን ጠዋት ማስቲሹ ስለማይደርቅ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ያሠሩ፤ ከሰል አጠገብ ግን በፍጹም፣ ትነቱ ይቀጣጠላል። ከተሰፋ በኋላም አንድ ሙሉ ቀን ሳይለበስ ይደር።