«ጋዝ ቆጣቢ» የምትባለዋን ብረት እንዳትገዙ

የደሴ ልጆች፣ ተጠንቀቁ። ሰሞኑን ቤት ለቤት እየዞሩ ጣት የምታክል ብረት የሚሸጡ ልጆች አሉ። የጋዝ ሲሊንደር አናት ላይ ያለው ሬጉሌተርና ጎማው መሀል የምትገባ ነገር ናት። አሥር ቀን የሚያቆየው ሲሊንደር ሃያ ቀን ይሄዳል ነው ወሬው። እኔም 1,800 ብር ከፍዬ ተሸወድኩ።

የታኅሣሥን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጦሳ ተራራ ላይ የዋለው ሁሉ ማታ ማታ ወደ እኛ ነው የሚወርደው፣ ኮምቦልቻ ያሉት ዘመዶቼ በሸሚዝ ሲንሸራሸሩ እኔ ጋቢ ደርቤም ይንዘፈዝፈኛል። እናቴ ደግሞ ቁርጥማት አለባት። ለእሷ ብለን የጋዝ ማሞቂያ ገዛን፣ እሱም ጋዝ ጠጪ ሆነ። ልጁ በር ያንኳኳው በዚህ መሀል ነው።

ብረቷን ገጠማት፣ ትንሽ ጌጅ ነገር (የግፊት መለኪያ) አሰረና ለኮሰ። መርፌው ወረደ። «አያችሁ፣ እሳቱ አለ፣ ጋዙ ግን ቀነሰ!» አለ። አመንኩት፣ ምን ላድርግ።

በኋላ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ከሰፈር እህል ነጋዴ ሚዛን ተዋስኩና ሲሊንደሩን መዘንኩ። ያለ ብረቷ፣ እሳቱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሦስት ሰዓት ሲነድ 900 ግራም ገደማ ሄደ። ከብረቷ ጋር 600። ሠራች እንዳትሉ! እናቴ ብርድ ልብሷን እየሳበች «ዛሬ ይሄ ነገር ምን ነካው?» ነበር ያለችኝ። ብረቷን ነቅዬ ማሞቂያውን ዝቅ ሳደርገው ያው ሆነ። በቃ፣ መተላለፊያውን ታጠባለች፣ ሌላ ሥራ የላትም። እሱንማ የማሞቂያውን ማዞሪያ በእጄ አዙሬ በነጻ አደርገዋለሁ።

ደግሞ አስቡት፣ ጭስ ማውጫ የሌለው ማሞቂያ የጋዙን ሙቀት ሁሉንም ማለት ይቻላል እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የሚለቀው። ታዲያ ምን ቀርቶ ነው የምትቆጥበው? የእኛው 4.2 ኪሎዋት ይላል፣ በሰዓት 300 ግራም መሆኑ ነው። 12.5 ኪሎ ጋዝ በቀን አራት ሰዓት ከነደደ አሥር ቀን ነው። ማሞቂያው አልሰረቀንም፣ ሂሳቡ ነው።

የባሰው ግን የጋዙ ሽታ። ብረቷ የገባችበት መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ስቀባ ቡልቅ ቡልቅ ይላል! (በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አይቻለሁ፣ ኧረ እባካችሁ።) ያን ሌሊት ብንለኩሰው ኖሮ... ተዉት።

ለእኛ የጠቀመን ምን መሰላችሁ? የእናቴ ክፍል ቆርቆሮው ባዶ ነበር፣ ሙቀቱ ሽቅብ ይበራል። አልጋዋን ኮርኒስ ወዳለው ክፍል አዛወርን፣ በሩ ሥር አሮጌ ምንጣፍ ጠቅልለን አስቀመጥን። አሁን ሁለት ሰዓት ይበቃታል። መስኮቱን ግን ትንሽ ገርበብ እናደርጋለን፣ ከመተኛታችንም በፊት እናጠፋዋለን። እንደ ከሰሉ ነው፣ ሲነድ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) እንደ ሲሊንደሩ ጋዝ አይሸትም። እሳቱ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ከሄደ ወይም ራሳችሁን ካመማችሁ አጥፉና ውጡ።

ለልጁ ደወልኩለት። መጀመሪያ «ነገ እመጣለሁ» አለኝ፣ አሁን ስልኩ ዝግ ነው። ትናንት ሆጤ አካባቢ ሲዞሩ ታይተዋል አሉ። እናትና አባቶቻችሁ ብቻቸውን ቤት የሚውሉ ከሆነ ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯቸው።