ሎጌይንን ከማርኩት በኋላ፦ ከድራጎን ኤጅ ጋር 9 ወር

በድራጎን ኤጅ ሦስተኛው ጌም አንድ ዋሻ ውስጥ ነን። የሁለተኛው ጌም ጀግና ሆክ አብሮኝ አለ። ክሬስትዉድ አጠገብ አንድ ግሬይ ዋርደን (ጭራቆችን የሚዋጋ ማኅበር አባል) ተደብቋል ተብዬ ነው የመጣሁት። ገብቼ ፊቱን ሳየው ክው አልኩ። ሎጌይን! ከ4 ወር በፊት፣ በሌላ ጌም ውስጥ፣ ልግደለው ወይስ ልማረው እያልኩ ስጨነቅ ያመሸሁበት ሰውዬ። “አንተ እኮ በእኔ ነው የተረፍከው” አልኩት ጮክ ብዬ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

የድራጎን ኤጅን አራቱንም ጌሞች ከገዛሁ 9 ወር ሆነኝ። ኦሪጅንስ የወጣው በ2009 ነው፣ ሁለተኛው በ2011፣ ኢንኩዊዚሽን በ2014፣ ቬይልጋርድ ደግሞ በ2024። በቅደም ተከተል ጨርሻቸዋለሁ፤ ኦሪጅንስን እንዲያውም ሁለቴ። ስለ ግራፊክስ ብዙ አልልም። የመጀመሪያው አርጅቷል፣ የመጨረሻው ያምራል፣ በቃ። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ጌሙ የወሰንኩትን ያስታውሳል ወይ? ይሄ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚፈተነው የድሮ ጠላት ተመልሶ ሲመጣ ነው። ገና ያልተጫወታችሁ ካላችሁ ከዚህ በታች ታሪኩን እገልጣለሁና ተጠንቀቁ።

ሎጌይን የንጉሥ ኬይላን አማትና የጦር አዛዥ ነው። በኦስታጋር ጦርነት ምልክቱ ሲበራ ከጀርባ መጥቶ ጠላትን መምታት ነበረበት። እሱ ግን ጦሩን ይዞ ዞሮ ሄደ። ንጉሡም ዋርደኖቹም እዚያው አለቁ። ከዋርደኖቹ እኔና ጓደኛዬ አሊስተር ነን የተረፍነው። ከዚያ በኋላ ጌሙን ስጫወት የቆየሁት ይህን ሰው እጄ ለማስገባት ነው ብል አላጋነንኩም።

በመጨረሻ መሳፍንቱ ተሰብስበው እያዩ አንድ ለአንድ ገጠምኩት። ተሸነፈ። ያኔ ሪዮርዳን የሚባል ዋርደን ብቅ ብሎ፣ ከምትገድለው ዋርደን ብታደርገው ይሻላል አለኝ። ዋርደኖች አልቀዋል፤ ጭራቆቹን የሚመራውን ዘንዶ ለመጨረሻ ጊዜ ሊገድል የሚችለው ደግሞ ዋርደን ብቻ ነው። ምክንያቱ ውሃ ያነሳል። አሊስተር ግን ከጎኔ ቆሞ ነበር። እንደ አባት የሚያየው የዋርደኖቹ አዛዥ ዳንከን የሞተው በዚህ ሰው ምክንያት ነው።

ጌሙን አቁሜ ተነሳሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ተመልሼ ማርኩት። አሊስተር ጥሎኝ ሄደ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያልተለየኝ ጓደኛዬ ነበር። በሁለተኛው ጌም ኪርክዎል ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ ሰክሮ አገኘሁት። ለደቂቃ ያህል ብቻ የሚታይ ነገር ነው፤ እሱን ለማየት የሚያስገድድ ተልዕኮም የለም። አንጀቴን በላው። ጌሙ ስለ ምህረቴ አልሰበከኝም፣ ዋጋውን ብቻ አሳየኝ።

ለዚህ ነው ዋሻው ውስጥ ያገኘሁት ሎጌይን ልቤን የነካው። እሱን ያመጣው ደራሲው ብቻ አይደለም፤ እኔም ነኝ። ቀድሜ ገድዬው ቢሆን ኖሮ በቦታው ሌላ ሰው ይቆም ነበር። በኋላም ፌድ ከሚባለው የመናፍስት ዓለም ለመውጣት መንገዱን አንድ ግዙፍ ጋኔን ሲዘጋው፣ ወይ ሆክ ወይ ሎጌይን ወደኋላ መቅረት አለባቸው። ሁለቱም እኔ ልቅር ይላሉ። በኦስታጋር ንጉሡን ትቶ የሸሸው ሰው እዚህ ላይ ልቅር ሲል መስማት፣ በእኔ እይታ ከተከታታዩ ሁሉ ምርጡ ሰዓት ነው። ሎጌይንን እዚያው ትቼው ወጣሁ። እስከ ዛሬ ልክ ነበርኩ ወይ እያልኩ አስባለሁ።

አሠራሩም ሊመሰገን ይገባል። ኢንኩዊዚሽን የወጣው ኮንሶሎች በሚቀየሩበት ሰዓት ስለነበር የድሮውን ሴቭ (የተቀመጠውን የጨዋታ ፋይል) በቀጥታ ማሻገር አልተቻለም። ስለዚህ ድራጎን ኤጅ ኪፕ የሚባል ድረ ገጽ ተሠራ። በሁለቱ ጌሞች የወሰናችሁትን በመቶዎች የሚቆጠር ምርጫ አንድ በአንድ ሞልታችሁ ወደ ሦስተኛው ታስገባላችሁ። አንድ ሙሉ ምሽት ወሰደብኝ፣ ግን አልሰለቸኝም። የራሴን ታሪክ መልሼ እንደማንበብ ነበር።

ኮሪፊየስ ሌላ ጉዳይ ነው። በሁለተኛው ጌም ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ሆክ ይገድለዋል፣ በሦስተኛው ዋና ጠላት ሆኖ ይመለሳል። በዚያ ተጨማሪ ክፍል ከሁለት ዋርደኖች፣ ከላሪየስና ከጃኔካ፣ ከአንዳቸው ጋር ትወግናላችሁ። ኮሪፊየስ ሲሞት ነፍሱ ወደተረፈው ዋርደን ትሻገራለች። ማንንም ብትመርጡ ውጤቱ ያው ነው። ቢሆንም አልተከፋሁም፣ ፍንጩ አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበርና። ላሪየስ ከውጊያው በፊት ንግግሩ የተቆራረጠ ነው፤ ከውጊያው በኋላ ረጋ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ ይናገራል። ያኔ ልብ አላልኩም፤ በኋላ ተመልሼ ሳየው ግልጽ ነበር። ችግሩ ኢንኩዊዚሽን ውስጥ ነው። አንዴ ሄቨን የሚባለውን የመጀመሪያ ሰፈራችንን ካፈረሰ በኋላ በሄደበት ሁሉ ይሸነፋል፣ ስለዚህ መፍራቱን ተውኩት።

ለማነጻጸር ያህል፣ ዊቸር 3 የሚባለው ጌም የድሮውን ጠላት ሌቶን የያዘበት መንገድ ደስ ይለኛል። በሁለተኛው ዊቸር መጨረሻ ከምራችሁት በሦስተኛው ተደብቆ ታገኙታላችሁ፤ ከፈለጋችሁ ኬር ሞረን የሚባለው ምሽጋችሁ ድረስ መጥቶ አብሯችሁ ይዋጋል። ከገደላችሁት የለም፣ አለቀ። የድሮ ሴቭ ከሌላችሁ ደግሞ የጌሙ ጀግና ጌራልት ጺሙን እየተላጨ አንድ ጄኔራል ያለፈውን ይጠይቀዋል፤ መልሱ ምርጫችሁ ይሆናል። ባልዱርስ ጌት 3 ግን አሳዘነኝ። የ1998ቱ የመጀመሪያው ጌም ጠላት ሳሬቮክ በ2001ዱ ማስፋፊያ ውስጥ ጓዳችሁ ሊሆን፣ በንግግር ብቻ ቀስ በቀስ ወደ ደግነት ሊመለስ ይችል ነበር። በ2023ቱ ጌም የነፍሰ ገዳዮች ችሎት ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ያንን ሁሉ ደክሞ ለመለሰው ተጫዋች ይህ ከባድ ነው። ጌሙን እወደዋለሁ፣ ይህን ግን አልቀበለውም።

ቬይልጋርድ ላይ ስደርስ የጠበቅኩት ብዙ ነበር። ሶላስ በኢንኩዊዚሽን ሙሉ ጓደኛዬ ነበር። የ2015ቱ ተጨማሪ ክፍል መጨረሻ ላይ ነው ዓለሙን ሊያፈርስ እንዳሰበ የነገረኝ። እንዲህ ያለ ጠላት የትም አላየሁም፤ ይዋሻል፣ ግን ሐዘኑ እውነት ነው። ቬይልጋርድም እሱን በደንብ ይዞታል። ልታታልሉት፣ ልትዋጉት ወይም ልታሳምኑት ትችላላችሁ። እኔ እንዲመለስ ለማሳመን ስንት ሰዓት ትዝታዎቹን ስለቅም ከረምኩ፣ ሲሳካም እንባዬ መጣ።

ነገር ግን ካለፉት ጌሞች የሚሻገሩት ምርጫዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ኢንኩዊዚተሩ (የሦስተኛው ጌም ጀግና) ማንን እንዳፈቀረ፣ የሚመራውን ድርጅት እንደበተነ ወይም እንዳቆየ፣ ሶላስን ሊያስቆም ወይስ ሊያድን እንደማለ። በሦስተኛው ጌም ከሐዘን ጉድጓዱ ውሃ ማን እንደጠጣ እንኳ አይጠየቅም። ሎጌይን፣ አሊስተር፣ ያ ሁሉ የሞላሁት ቅጽ፣ አንዱም የለም። ሶላስ ያስታውሰኛል፤ ዓለሙ ግን ረስቶኛል።

መግዛት ለሚያስብ ሰው ምክሬ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አንድ ላይ ግዙ፣ በቅደም ተከተል ተጫወቱ፣ ኪፕን በጥንቃቄ ሙሉ። ቬይልጋርድን ለሶላስ ስትሉ ብቻ ጨምሩ። እኔ በዚህ ሳምንት ኦሪጅንስን ለሦስተኛ ጊዜ ጀምሬያለሁ። አሁን ኦስታጋር ነኝ፤ ሎጌይን ከንጉሡ ጋር ካርታው ላይ አጎንብሶ ስለ ውጊያው እየተማከረ ነው። በዚህኛው ዙር ከእሱ ጋር የሚገጥመው አሊስተር ነው።